የማይታየው ወንዝ

የ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ተነሥተው ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ እግሬን ላሳርፍ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ካለች አንዲት ቡና መሸጫ ገብቼ ተቀመጥሁ። ነጠላዬ ገና አልደረቀም፤ የተረጨሁት ጠበል ትከሻዬ ላይ ቀዝቅዟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የህንድን አገር ያሳያል። ለዓይን የሚያታክት ሕዝብ፣ በማለዳ ጉም ውስጥ፣ እስከ ወገቡ ወንዝ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ በእፍኙ የዘገነውን ውሃ ሽቅብ አንሥቶ መልሶ ያፈስሳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና “እነሱም ጥምቀት አላቸው እንዴ?” አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም አልመለስሁም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ፤ ይህን ጽሑፍም ያጻፈኝ እሱ ነው።

ስፍራው ፕራያግ ይባላል። የሂንዱ እምነት ተከታዮች በየዓመቱ በወርኃ ጥር አካባቢ ሊታጠቡበት ይመጣሉ፤ በየዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ኩምብ ሜላ የሚሉት ታላቅ በዓል ይከበርበታል። ያን ዕለት በቴሌቪዥን ያየነው ከጥር 5 እስከ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ለ45 ቀናት የተከበረውን ነው። የግዛቲቱ መንግሥት እንዳስታወቀው በእነዚያ ቀናት ወንዙ ዳር የተቆጠረው ሰው ከ660 ሚሊዮን በላይ ነበር። በጥር 21 ቀን፣ እኛ አስተርእዮ ማርያምን በምናከብርበት ዕለት፣ በዚያ ሌሊት ለመታጠብ የተገፋፋ ሕዝብ ተረጋግጦ ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። ውሃ ፍለጋ የሄደ ሰው እንደዚህም ይሞታል።

በፕራያግ የሚገናኙት ወንዞች ሦስት ናቸው ይባላል። አንደኛው ጋንጋ ነው፤ ደፍረስ ያለና ፈጣን። ሁለተኛው ያሙና ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላና ረጋ ያለ። ሁለቱ ሲገናኙ ቀለማቸው ወዲያው አይዋሐድም፤ በጀልባ የሄደ ሰው ድንበሩን በዓይኑ ያየዋል። ሦስተኛው ሳራስዋቲ ነው። እሱን ግን ያየው የለም። በጥንት መጻሕፍታቸው የተመሰገነ፣ ዛሬ ግን በዚያ ስፍራ በምድር ላይ የማይፈስስ ወንዝ ነው። ምእመናኑ ከሥር ፈስሶ ከሁለቱ ጋር ይቀላቀላል ብለው ያምናሉ። ያ የማይታየው ባይቆጠር ኖሮ ፕራያግ የሁለት ወንዞች መገናኛ ብቻ በሆነ ነበር። ሦስት ያደረገው፣ ያልታየውን መቁጠራቸው ነው።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካስተማረን ህንዳዊ መምህር ነው። የእሱ ትምህርት ሒሳብ አያያዝ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱ ሲተርፈው ስለ አገሩ ያወጋን ነበር። አንድ ቀን የተሳላሚ ስፍራ በሳንስክሪት ቋንቋ “ቲርታ” እንደሚባል፣ የቃሉም ጥንተ ትርጉም የወንዝ መሻገሪያ እንደሆነ ነገረን። ያኔ ለፈተና የማይመጣ ነገር ስለነበር አልጻፍሁትም። ዛሬ ከደብተሬ ውስጥ ያልጻፍሁት ብቻ ቀርቶኛል። እኛ መልካ የምንለውን እነሱ ቅዱስ ስፍራ ይሉታል ማለት ነው። ቅድስናው በውሃው ጥልቀት አይደለም፤ እንዲያውም ጥልቀቱ ቀንሶ ሰው ከወዲህ ወደዚያ ሊሻገር በመቻሉ ነው። መልካ የሌለው ወንዝ ድንበር ነው፤ መልካ ያለው ወንዝ መንገድ ነው።

ከዚያ መምህር ሌላም ነገር ይዤ ቀርቻለሁ። የፕራያግ ተሳላሚ ወንዙ ዳር ሲደርስ የቤተሰቡን ካህን ይፈልጋል። ካህናቱ እንዲለዩ በረጅም ቀርከሃ ላይ የየራሳቸውን ምልክት የያዘ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ የአንዱ ዓሣ፣ የሌላው ዝሆን ሊሆን ይችላል። ካህኑ ረጅም መዝገብ ይዘረጋል። በመዝገቡ ላይ የተሳላሚው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት መቼ እንደመጡ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጡ ተጽፏል፤ እሱም ስሙን ይጨምራል። ኑሮዬ መዝገብ ላይ ስለሆነ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ውሃ ይፈስሳል፤ የነካውን ሰው አያስታውስም። የሚያስታውሰው መዝገቡ ነው። በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ቤተሰብ ታዲያ ወንዙ ዳር አልደረሰም ማለት ይሆን?

ከተማይቱ ራሷ በብዙ ስም ተጠርታለች። የሙጋሉ ንጉሥ አክባር እ.ኤ.አ. በ1583 መገናኛው አጠገብ ትልቅ ምሽግ ማሠራት ጀመረ፤ ከተማዋንም ኢላሃባስ አላት። ይህ ስም ኋላ አላሃባድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በመንግሥት ውሳኔ ፕራያግራጅ ተባለች። ጃዋሃርላል ኔሩ የተወለዱት በዚህችው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ሃይማኖተኛ አልነበሩም። ሆኖም ሲሞቱ ከአመዳቸው አንድ እፍኝ በአላሃባድ ከጋንጋ ውስጥ እንዲጣል ተናዝዘዋል፤ ምክንያቱም ሃይማኖታዊ እንዳይደለ በኑዛዜያቸው ግልጥ አድርገዋል። ወንዙ ከልጅነታቸው ጀምሮ የአገራቸው ታሪክ ምልክት ሆኖ ታይቷቸው ነበር። ሰው የማያምንበትን ሥርዓት ሊያከብር የሚችልበት መንገድ እንዳለ ከእሳቸው ተምሬአለሁ። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ፕራያግ ለመሄድ የባንክ ሠራተኛ ደመወዝ አይበቃም። ለጎጀብ ግን ይበቃል።

ጥር 18 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጅማ በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ ጎጀብ ድልድይ ስደርስ ወረድሁ። ሾፌሩ “እዚህ ምን አለህ?” አለኝ። “ወንዝ ላይ ነኝ” አልሁት። ሳቀ። ለእሱ ጎጀብ በድልድይ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ለእኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው ነበር። ከጅማ ስመጣ “አሁንስ ካፋ ገባሁ” የምልበት፣ ከቦንጋ ስወጣ ደግሞ እንቅልፍ የምጀምርበት ስፍራ።

ለቀደሙት ግን ጎጀብ የመንግሥት በር ነበር። የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በወንዝ፣ በጥልቅ ቦይና በአጥር ከልለው፣ መግቢያ መውጫውን በኬላ አስጠብቀው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ያዘመቱት ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ከወራት ማሳደድ በኋላ ማረካቸው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1919 አዲስ አበባ ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ዙፋናቸው አልተመለሱም። ሲወሰዱ ከጎጀብ ዳር ሲደርሱ የንግሥና ቀለበታቸውን አውልቀው ከወንዙ እንደጣሉት ይተረካል። ትረካው ታሪክ ይሁን አፈ ታሪክ አልከራከርም። የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ካፋ ውስጥ ግጥም የሞካከረ ሰው ሁሉ ይህን ቀለበት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፈልጎታል። እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ስድስት ጊዜ ፈልጌዋለሁ።

ጎጀብ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከኦሞ ጋር ይገናኛል፤ ኦሞም ይዞት ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። በወንዝ መገናኛነት ፕራያጋችን ያ ነው። ግን እሱንም ዛሬ ማየት አይቻልም። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ሁለቱ ወንዞች ይገናኙበት የነበረው ሸለቆ ግድቡ ባጠራቀመው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሟል። በመብራቱ የምንጠቀም ነንና አላማርርም። ድልድዩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የገረመኝ ግን የእኛ መገናኛ ራሱ ከማይታዩት ወገን መሆኑ ነው። ስለዚህ መገናኛን በዓይን ከመፈለግ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። ጥያቄዬ እንዲህ ሆነ፤ በእኔ ውስጥ የሚገናኙት ወንዞች የትኞቹ ናቸው?

አንደኛውን በቀላሉ አገኘሁት። ቤተ ክርስቲያን ነው። ክርስትና ወደ ካፋ የመጣው በ1897ቱ ዘመቻ ብቻ አይደለም። ጣልያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ሲቀመጡ ቀድሞውንም ክርስትናን የሚያውቅ ወገን አግኝተዋል። እኔም በዚያ ወንዝ ተጠምቄ፣ በዓሉን እየጠበቅሁ፣ ጾሙን እየጾምሁ አድጌአለሁ።

ሁለተኛው አያቴ ነበረች። አያቴ እሑድ ቅዳሴ የማትቀር ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ወንዝ ሳትሻገር እርጥብ ሣር ቀጥፋ ወደ ውሃው ትጥላለች፤ አዲስ እህል ሲደርስ መጀመሪያ ለእኛ አትሰጥም። ካፋዎች ጉዶ የሚሏቸው የተከበሩ ደኖች አሉ፤ በዚያ ዛፍ አይቆረጥም፣ ነገር አይዋሽም፤ ሽማግሌዎች ዴጆ የተባለውን ምስጋና ያቀርቡበታል። አያቴ በዚያ ስታልፍ ጫማዋን ታወልቅ ነበር። እኔ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት “ባዕድ አምልኮ” የሚለውን ቃል አዲስ የተማርሁ ልጅ ነበርሁ። አንድ ቀን በሰው ፊት “አያቴ ዛፍ ታመልካለች” ብዬ ሳቅሁባት። አልተቆጣችኝም። “እኔ ዛፉን ሰላም እላለሁ እንጂ አላመልክም፤ አንተ ግን ማንንም ሰላም ማለት አታውቅም” አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የካፋን ደን በዓለም የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው አያቴ በሕይወት አልነበረችም። መዝገቡ ላይ የሠፈረው ደን ግን ጫማቸውን አውልቀው ሲያልፉ በኖሩ እንደ እሷ ባሉ ሰዎች የተረፈ ነው። የኔሩ ኑዛዜ ትንሽ ነገር አይደለም ያልሁት ለዚህ ነው። የማላምንበትን ዴጆ ማክበር እንደምችል ለመረዳት የአንድ የማያምን ህንዳዊ መሪ እፍኝ አመድ አስፈለገኝ።

ሁለቱ ወንዞች፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጉዶው፣ ቀለማቸው ሳይዋሐድ ጎን ለጎን በአያቴ ውስጥ ሲፈስሱ ኖሩ። እስከዚህ ድረስ ጽሑፌ ያማረ ይመስላል። እዚህ ላይ ባቆም አንባቢዬም “አበጀህ” ይለኝ ይሆናል። ነገር ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት የማገዶ ሸክሟን አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ውሃ ጠጣች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ሸክሟን መልሳ አነሣች። ማን እንደሆነች አላውቅም። ግን ሌላ ሴት አስታወሰችኝ።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አልቀረም። ከአያቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ ከአንዲት ጅረት ደረስን። ከፊታችን ማገዶ የተሸከመች ሴት ነበረች። ስታየን ከመንገዱ ወጥታ ጥሻው ውስጥ ቆመች። አያቴ ሣሯን ጣለች፤ ተሻገርን፤ ውሃ ጠጣን። ዞር ስል ሴቲቱ ገና ቆማለች። “ለምን አትጠጣም?” አልሁ። “እኛ ስናልፍ ከታች ትጠጣለች” አለችኝ አያቴ፤ በቁጣ አይደለም፣ በጭካኔም አይደለም፤ ዝናብ ከላይ ይዘንባል እንደሚሉ ባለ ድምፅ። ሴቲቱ ከማንጆ ወገን ነበረች። ዛፍን ሰላም የምትለዋ አያቴ ያቺን ሴት ሰላም አላለቻትም።

ከካፋ ውጭ ለሚያነብበኝ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ማንጆዎች፣ ሌላው ማንጃ የሚላቸው፣ ጥንት በአደን፣ ኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ የኖሩ፣ የደኑን ጓዳ ጎድጓዳ ከማንም በላይ የሚያውቁ ወገኖች ናቸው። በነገሥታቱ ዘመን ኬላዎቹን ይጠብቁ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ የምንኮራበትን የመንግሥት በር የጠበቁት እነዚያ ሰዎች ወደ ቤታችን በር ግን አይገቡም ነበር። የአውሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ ተለዩ፤ አብሮ መብላት፣ መጋባት፣ ከአንድ ስፍራ መቀበር ቀረ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሰውን ከሰው ሳይለይ መሬት ሰጠ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው አለ። ትምህርት ቤቱ አንድ ሆነ፤ ገበያው አንድ ሆነ። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ያልተለወጠውም አለ። ሕግ በር ያስከፍታል፤ ሲኒ ግን አያቀብልም።

ይህን የምለው የሌላ ሰው ኃጢአት ለመቁጠር አይደለም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ማንጆ ልጅ ነበር። በስዕል የሚስተካከለው አልነበረም፤ የእኔን የሳይንስ ስዕሎች ሁሉ የሚሥልልኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ኳስ ተጫውተን ወደ ምንጭ ሮጥን። እሱ ቀድሞ ደርሶ በጣሳ ቀዳና፣ ከራሱ በፊት ለእኔ ዘረጋልኝ። ተቀበልሁት። ዙሪያዬን ሳይ ሌሎቹ ልጆች ያዩኛል። ጣሳውን ገልብጬ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰስሁት። ሰው ሳቀ። ልጁ ጣሳውን አነሣ፤ አጥቦ ከምንጩ ዳር አስቀመጠው። በማግሥቱ ስዕሌን ሣለልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሃ ዘርግቶልኝ አያውቅም።

በአማርኛችን አንድን ሰው ወገኔ ነው ለማለት “የወንዜ ልጅ” እንላለን። በሩቅ አገር የአገሩን ሰው ያገኘ ሁሉ የሚያቅፍበት ቃል ነው። በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ይህ ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል። የጎጀብ ልጅ፣ የቡና ልጅ፣ የቀለበቱ ልጅ እያልሁ ራሴን አሞግሻለሁ። ከጎጀብ በተመለስሁበት ሌሊት ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጥሁት። በዐሥር ዓመት ውስጥ ስለ ካፋ ከጻፍኋቸው ግጥሞች አንድም ማንጆ የሚባል ሰው የለበትም። ደኑ አለ፣ ደኑን የሚያውቀው ሰው የለም። ኬላው አለ፣ ጠባቂው የለም። ምንጩ አለ፣ ጣሳውን የዘረጋው ልጅ የለም። እኔም እንደ ፕራያግ ካህን መዝገብ ይዤ ኖሬአለሁ፤ ያልጻፍሁት ቤተሰብ ግን ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር።

ሦስተኛው ወንዝ የምለው ይህንን ነው። ሳራስዋቲ ከምድር በታች ስለሆነ አይታይም ይባላል፤ የእኛው ግን ከምድር በላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማገዶ ተሸክሞ እየፈሰሰ ነው። ያላየነው ስላልታየ አይደለም።

ፕራያግን እንደ ምሳሌ ስጠቅስ፣ በዚያ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። በዚያ ወንዝ ውስጥ ሀብታምና ድሃ በአንድነት ይነከራል፤ የታላላቆቹ ቀናት መታጠቢያ ግን በተራና በማዕረግ ነው። የዚያች አገር ሰዎች ስለ ውሃና ስለ ርኵሰት ከእኛ የከፋ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1927፣ “የማይነኩ” ተብለው ከተገለሉት ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር፣ ማሃድ በምትባል ከተማ ሕዝባቸውን አስከትለው ቻቭዳር ወደተባለው የሕዝብ ኩሬ ሄዱ። ከብት የሚጠጣበት፣ እነሱ ግን የማይጠጡበት ኩሬ ነበር። አምቤድካር ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ፤ ሕዝቡም ጠጣ። ያደረጉት ነገር ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተደበደቡ፤ ኩሬውም ረክሷል ተብሎ በከብት እበትና ሽንት “ተቀደሰ”። ክርክሩ በፍርድ ቤት ዐሥር ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ለተገለሉት ተፈረደ። እኚሁ ሰው ኋላ የነጻይቱን ህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17ም ሰውን አይነኬ ማለትን ከለከለ።

ከህንድ ሁለት ውሃዎች መጥተውልኛል ማለት ነው። በአንደኛው ከ600 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰው ታጥቧል። በሁለተኛው አንድ ቀን፣ የተጠማ ሕዝብ ጠጥቷል። የትኛው ነው ቲርታ? የትኛው ነው መሻገሪያ? መምህሬን ባገኘው የምጠይቀው ይህን ነው። የእኔን መልስ ግን አልሸሽግም። ሰው ከሰው የተሻገረበት ኩሬ ከማንኛውም መገናኛ ይቀድሳል።

“የደረቀ ቁስል ለምን ትነካለህ? ይህ ነገር እኮ ቀርቷል” የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቀርቶ ቢሆን ደስታዬ ነው። መቅረቱን የምናውቅበት መንገድ ግን ቀላል ነው። ልጅህን ድረህላቸዋል? ልቅሶ ስትደርስ እህል ውሃቸውን ቀምሰሃል? የቤትህን ሲኒ ዘርግተህላቸው፣ ሲሄዱ ለብቻው ሳታስቀምጠው ቀርተሃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቶሎ የሚመልስ ሰው ካለ ከእኔ ይሻላል። ቁስሉ ደርቋል የሚለውም የቆሰለው እንጂ ያቆሰለው ሊሆን አይገባም።

“ባህላችንን አታዋርድ” የሚለኝም አይጠፋም። የአያቴን ዴጆ ስሳቅበት ያዋረድሁት ያኔ ነው፤ ዛሬ ግን እያከበርሁት ነው። የዴጆ ትርጉም ምስጋና ከሆነ፣ ደኑን ጠብቆ ላኖረ ሰው ሳይደርስ የሚቀር ምስጋና ጎደሎ ነው። ቤተ ክርስቲያኔም እንደዚያው። በጥምቀት ዕለት ጠበሉ ሲረጭ ጠብታው ማን ላይ እንደሚያርፍ አይመርጥም። መራጮቹ እኛ ነን፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታችን ስንገባ።

ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሥራው የበለጠ ነው። ካፋን በቡና፣ በደንና በቀለበት ብቻ እየጻፍን ለጎብኚ የሚሸጥ ፖስት ካርድ ስንሠራ ኖረናል። ሁለት ወንዝ ጽፈን ሦስተኛውን የተውንበት መዝገብ መገናኛ ሊባል አይችልም። ስለ እነሱ የምንጽፍላቸው እኛ እንሁን ማለቴም አይደለም፤ ከእነሱ ወገን የሚጽፍ ወጣት ይኖራልና ቦታ እንልቀቅለት፣ እናንብበው፣ እንጋብዘው ማለቴ ነው። እስከዚያው ግን ቢያንስ የራሳችንን ጣሳ እንናገር። ያፈሰሰው ካልተናገረ የፈሰሰበት ብቻውን ሲያስታውስ ይኖራል።

ባለፈው ሰሞን ያ የልጅነት ባልንጀራዬ እኔ ወደምሠራበት መስኮት መጣ። የቁጠባ ደብተሩን በመስኮቱ ሥር አሾለከልኝ። ስሙን ከማንበቤ በፊት ጣቶቹን አወቅኋቸው፤ ሠዓሊ ነበሩ እነዚያ ጣቶች። ማር ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ሊያስቀምጥ ነው የመጣው። ቆጠርሁ፤ መዘገብሁ፤ ማኅተም መታሁ። ከኋላው ሰልፍ አለ። “እንዴት ነህ?” አልሁት። “እግዚአብሔር ይመስገን” አለኝ። “ለምሳ ስወጣ ቡና እንጠጣ?” አልሁ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ቀጥኖ ወጣ። ትንሽ አየኝና “ዛሬ መኪናው ያመልጠኛል፤ ሌላ ቀን” አለ። ደብተሩን ይዞ ወጣ።

ሌላ ቀን ያለው እውነቱን ይሁን ለጨዋነት፣ ልለየው አልቻልሁም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጥማት በአንድ የምሳ ሰዓት ይቆረጣል ብዬ መጠበቄም የራሴ ድፍረት ነበር። ወደሚኖርበት ቀበሌ የሚሄደው መኪና የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቄ አውቄአለሁ፤ እሑድ እሑድ እንደሚመለስም ነግረውኛል። ሽማግሌው ቡና መሸጫው ውስጥ “እነሱም ጥምቀት አላቸው እንዴ?” ብለው የጠየቁትን ጥያቄ ደግሞ ዛሬ ገልብጬ እጠይቀዋለሁ፤ እኛስ አለን?

ያን ቀን ማታ፣ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ቀለበት የሌለባቸው እነዚህ አራት መስመሮች ተጻፉ።

ከላይ የቀዳሁት፣ ከታች የቀዳኸው፣
ምንጩን ብጠይቀው አንድ ነበር ውሃው፤
ያፈሰስሁት ውሃ ዛሬም ድረስ ጠማኝ፣
ተራዬ ነው ልቅዳ፣ የወንዝህ ልጅ በለኝ።